የዶክተር ሚልክያስ ሶርሳ የሕይወት ታሪክ፣ የወለዷቸው እናት ስም ሳይቀየር

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ማንም አልጠየቀኝም። የቀብር አስተባባሪ የተባሉት ወንዶች ድንኳኑ ሥር ክብ ሠርተው ሲመክሩ፣ ሟችን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ታላቅ እኅታቸው ጣፈጠች ሶርሳ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። የሌላው ወንድሜ ልጅ ያሬድ፣ "አክስቴ፣ ይሄ በኮምፒውተር የሚሠራ ነገር ነው፤ አንቺ አልቅሺ እንጂ በዚህ አትድከሚ" አለኝ። ማልቀሱን ያለ እሱ ፈቃድም አለቅሳለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ አዎ። ፊደል ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ቢጠና ዋርካ ሥር ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሴንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤአለሁ። ስለዚህ ያሬድ አሳትሞ ያመጣውን ወረቀት ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አነበብኩት። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ውሸት አገኘሁ።

"ዶክተር ሚልክያስ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳ ጩማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ማሞ ተወለዱ" ይላል። ወይዘሮ ብርቄ የእኔ እናት ናቸው። እኔን ወልደዋል፣ የያሬድን አባት ወልደዋል፤ ሚልክያስን አልወለዱም። ይህን ያሬድ ያውቃል። ወረቀቱን "ጥሩ ነው" ብለው ያሳለፉት ወንዶች ያውቃሉ። ከቢጠና እስከ ሶዶ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል። የወለዷቸው ሴት ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ልጃቸው ካረፉ ጀምሮ ለቅሶ በምንቀመጥበት አደባባይ፣ ዱቡሻ በምንለው፣ ከሜዳው ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎች ይቀመጡ በተባሉበት ስፍራ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ ሆነው ልጃቸውን ሌላ ሴት ወለደቻቸው ሲባል እንዲሰሙ ነበር የታሰበው።

ያንን ወረቀት ቀደድኩት። ይህን ጻፍኩ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ ካነበበችው በኋላ "የሚታተመውም የሚነበበውም ይሄ ነው፤ አንባቢውም ያሬድ ነው" ብላለች። ሚልክያስ ታናሼ ቢሆኑም በእንዲህ ያለ ጽሑፍ አንቱ ማለት ወጉ ነውና አንቱ እላለሁ።

ዶክተር ሚልክያስ ሶርሳ ከአባታቸው ከአቶ ሶርሳ ጩማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ዱባለ፣ በወላይታ፣ በዱጉና ፋንጎ፣ ቢጠና አጠገብ መስከረም ወር 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ወይዘሮ ሽታዬ ዱባለ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ፣ ራሳቸውም ሸክላ ሠሪ ናቸው። በእኛ አገር ጭናሻ የሚባሉት ናቸው። ቃሉን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምትጠሩት ሁሉ፣ በድምፅ ማጉያ ሲነገር እንድትሰሙት ብዬ ጽፌዋለሁ።

ወጥ የምንሠራበትን ድስት፣ ውሃ የምንቀዳበትን እንስራ የሠሩልን እነሱ ናቸው። እንስራውን እናስገባለን፣ ሠሪዋን ከደጅ እንመልሳለን። ጠምቷት ውሃ ብትለምን በእንሰት ቅጠል ጨልፈን ነበር የምንሰጣት፣ ዕቃችን እንዳይረክስ ተብሎ። ዕቃውን በእጇ አቡክታ፣ ዳብሳ፣ ተኩሳ ያመጣችው ግን እሷው ናት። ይህን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል፤ ወንጌል ከገባልን ወዲህ ደግሞ ይብስብኛል፤ ምክንያቱም እሁድ እሁድ "በክርስቶስ አንድ ነን" ብለን ዘምረን እንወጣና ሰኞ ቅጠሉን እንቆርጣለን።

አባታችን አቶ ሶርሳ በጊዜው ሚስትም ልጆችም ነበሯቸው። የወይዘሮ ሽታዬ አባት በመሬታችን ጥግ ጭቃ ይቆፍሩ ነበር፤ ልጃቸውም ጭቃውን ተሸክማ ትመላለስ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሬሳ ፊት መዘርዘር አያስፈልግም። ልጅ ተወለደ። አባታችን "ዘሬ ነው" ብለው ጡት እንደተወ ወሰዱት፤ እናቲቱን ግን ከበራችን አላሳለፏትም። ዘሩ የእሳቸው ብቻ የሆነ ይመስል። አባቴ ናቸው፣ ሥጋዬ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ያስጠላል።

እናቴ ወይዘሮ ብርቄ ልጁን አዩት፣ አዩት፣ "ይሄ ደግሞ ምን አጠፋ?" ብለው ተነስተው ገንፎ አገነፉለት። ከእኛ ለይተው አላበሉትም፣ ከእኛ ለይተው አልገረፉትም። ነገር ግን አንድም ቀን "እኔ ወለድኩት" አላሉም። ሰው ሲጠይቃቸው "የሽታዬ ልጅ ነው፤ እኔ ጋ ነው የሚበላው" ይሉ ነበር። እንዲህ ያለችን ሴት ከሞተች በኋላ የሰው ልጅ ሰረቀች ማሰኘት ለእሷም ስድብ ነው።

ዶክተር ሚልክያስ በ1962 ዓ.ም. ቢጠና ትምህርት ቤት ገቡ። በገበያ ቀን ከትምህርት ሲመለሱ ወላጅ እናታቸው ሸክላ ዘርግተው በሚቀመጡበት በኩል ያልፉ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ራሳቸው በሠሩት ሰፊ ሸክላ ላይ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ቆልተው ይሸጣሉ። ልጁ ሲያልፍ እፍኝ ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይጨምሩለታል። ሰው ካየ ልጁ ይገረፋል፣ እናቲቱም ትሰደባለች። ስለዚህ ሁለቱም አይተያዩም፤ እጅ ብቻ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቄ፣ ቅርፊቱ እንዳይታይበት ኪሱን አራግፍለት ነበር።

ያንኑ ኦቾሎኒ ገበያተኛው ሁሉ እየገዛ ይበላል። ከጭናሻ እጅ ውሃ የማይቀበለው፣ ቂጣ የማይቀበለው ሁሉ ኦቾሎኒ ሲሆን "ቅርፊት አለው፣ እጃቸው ፍሬውን አልነካም" ይላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ የራበው ሰው ይሆናል። ጸያፍ ነው ካልክ ከነቅርፊቱ ተወው፤ የሚጣፍጥህ ከሆነ ደግሞ አመስግነህ ብላ። መጸየፍንም እንደ ሆድ ማስፋትና ማጥበብ ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ነገር አላየሁም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሶዶ ተምረው፣ በ1974 ዓ.ም. ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ ገብተው፣ በ1978 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። ሲመለሱ አባታችን በሬ ጥለው ደገሱ። ሽታዬን የጠራ የለም። ሚልክያስ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ሥጋ የሞላበትን ሳህን ከፊታቸው አንስተው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ እናታቸው ቤት ገብተው በሉ። ድግሱ ላይ የቀሩት ሽማግሌዎች አንዳቸው የሌላቸውን ፊት ሲያዩ ሥጋው በረደ። እኔ ግን ሳቅሁ፤ አሁንም ሳስታውሰው እስቃለሁ።

በ1979 ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ በአንድ የምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰብለ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የሰብለ አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። በሠርጉ ቀን ሙሽራው ሁለቱን እናቶቻቸውን፣ ወይዘሮ ሽታዬንና ወይዘሮ ብርቄን፣ ጎን ለጎን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡ። የእኛ ጎሳ ወንዶች ይህን አይተው "ከጭናሻ ጋር አንድ ገበታ አንቀርብም" ብለው ተነሡ። አንዱ አጎታችን ከመነሳታቸው በፊት ከገበታው ኦቾሎኒ ዘግነው ነበርና እጃቸው ሙሉ እንደሆነ ቆሙ። ሚልክያስም ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሏቸው፦ "ጋሼ፣ እጅህ ላይ ያለው ኦቾሎኒ እናቱም አባቱም ዱር ናቸው። ዘር የምትቆጥር ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቀምጠው።" አጎቴ አላስቀመጡትም። ቆርጥመውት ሄዱ። የሰብለ አባት ደግሞ የቀሩትን እንግዶች እያስተናገዱ፣ "እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ በእኛም አገር ለእነዚህ ዓይነት ሰዎች ያወጣንላቸው ስም አለ፤ እሱንም ልጄ ሠርግ ላይ አልጠራውም" አሉ።

በ1986 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ አገር ሄዱ፤ በ1990 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። የተማሩት የኦቾሎኒን ዘመድ ነው። ሲነግሩኝ መጀመሪያ አላመንኳቸውም። "ሰው የሰውን ዘር ቆጥሮ ሳይጨርስ፣ አንተ ደግሞ የኦቾሎኒ ዘር ልትቆጥር ባሕር ተሻገርክ?" አልኳቸው። "እትዬ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ" አሉ። ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። እናንተም ስሙ፤ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነውና በቀብራቸው ላይ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ያሬድ "በዘርፉ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክተዋል" ብሎ አልፎት ነበር። የትኛው ዘርፍ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ኦቾሎኒ የእኛ አገር ተወላጅ አይደለም። እንደ በቆሎውና እንደ በርበሬው ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ቦሊቪያና አርጀንቲና የሚባሉ አገሮች በሚዋሰኑበት ገደማ የዱር ኦቾሎኒ ዛሬም ይበቅላል። አንድ ዓይነት ብቻም አይደለም፤ ሰማንያ ያህል የዱር ዘመዶች አሉት ይሉ ነበር። ፍሬያቸው ቀጭን ነው፣ ጥርስ አይሞላም። ሁሉም አበባቸውን ከላይ ያሳያሉ፤ አበባው ሲረግፍ እንደ መርፌ የሾለ ዘንግ ወደ አፈር ይልኩና ፍሬውን እዚያ ያሳድጋሉ። ከእነዚህ ሁለቱ፣ አንዷ እዚህ አንዱ እዚያ፣ ሳይተዋወቁ ይኖሩ ነበር። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የዚያ አገር ገበሬዎች የአንዷን ዘር ይዘው ሌላው ወደሚበቅልበት ቀዬ ሄዱ። ጎረቤት ሆኑ። ንብ የአንዱን የአበባ ዱቄት ለሌላዋ አደረሰች።

እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ መካን ነው፤ ፍሬ አይሰጥም። ያኛው ግን የእናቱንም የአባቱንም ውርስ እጥፍ አድርጎ ያዘ። ክሮሞሶም የሚሉት የውርስ ክር አለ፤ ወላጆቹ ሃያ ሃያ ሲይዙ እሱ አርባ ያዘ። ዛሬ በቤሌ የሚዘራው፣ በቢጠና የሚቆላው፣ በሕንድም በቻይናም የሚጨመቀው ሁሉ የዚያ የአንድ ልጅ ዘር ነው። ሊቃውንቱ ይህን ለማወቅ ስንት ዘመን ተከራክረዋል። አርባ ክር ያለው ሌላ የዱር ኦቾሎኒ እዚያው አካባቢ ሲገኝ ግማሹ "አባቱ ይሄ ነው" አለ፤ ግማሹ "የለም፣ ወንድሙ ነው" አለ። በመጨረሻ እናቲቱ የትኛዋ እንደሆነች፣ አባቱም የትኛው እንደሆነ ተለየ። ሚልክያስ ይህን ብቻዬን አገኘሁት ብለው አያውቁም፤ የብዙ አገር ሰዎች ሥራ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን እናቲቱ የታወቀች ጊዜ ስልክ ደውለው፣ "እትዬ፣ እናቱ ታወቀች" ሲሉኝ ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር።

ክብር ብቻ አልነበረም ነገሩ። ያ ልጅ አርባ ክር በመያዙ ከዘመዶቹ ጋር መጋባት አቃተው። ከእናቱም ከአባቱም ወገን ተቆርጦ ለብቻው ተባዛ፤ ሰውም ትልቅ ትልቁን ፍሬ እየመረጠ ዘራው። ወፈረ፣ ቅባት አበዛ፣ ጣፈጠ። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ቅጠል ላይ ጠቃጠቆ የሚጥለው በሽታ አንዱን ማሳ ሲይዝ አገሩን ሁሉ ይይዛል፤ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻውን ይቆማል። በሽታውን የሚችል አቅም ያለው እነዚያ ፍሬያቸው የቀጠነ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው የዱር ዘመዶች ዘንድ ነው። ይህን ሲነግሩኝ "የእኛን ቤት ነው የምታወራው?" አልኳቸው። "እኔ የማወራው ስለ ቅጠል ነው፣ እትዬ" አሉ። አሉ እንጂ ይስቁ ነበር።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ እየኖሩ ያስተምሩ ነበር፤ ምርምራቸውንም ቤሌና ቢጠና ማሳዎች ላይ ቀጠሉ። የዱሩን ኦቾሎኒ ከታረሰው ጋር ማዳቀል የሕይወታቸው ሥራ ሆነ። የላስቲክ ማሰሮ በፀሐይ ይግልና ሥሩን ያበስላል ብለው፣ የዱሩን ዘር የተከሉት ወላጅ እናታቸው በሠሩላቸው፣ ሥሩ ቀዳዳ ባለው ሸክላ ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ሸክላውን ሶዶ ድረስ ያመጡ ነበር። ሚልክያስ በማለዳ ተነስተው አበባ በአበባ እየጎነበሱ ዱቄቱን ያደርሳሉ። ለዓመታት የተወለደው ሁሉ መካን ሆነ። ያብባል፣ አይዝም። ሰብለ "ሌላ ሥራ የለህም ወይ" ብላ የተቆጣችባቸው ጊዜ ነበር። በኋላ ውርሱን እጥፍ የሚያደርግ መድኃኒት ችግኙ ላይ እያደረጉ፣ አሁንም ከታረሰው ጋር መልሰው መላልሰው እያዳቀሉ፣ የሚያፈራ አገኙ። ቤሌ አምና የጎረቤቱን ማሳ ሁሉ ጠቃጠቆ መትቶት ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ የእሳቸው ረድፍ እስከ ለቀማ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። የመጀመሪያውን ዘር አይተው "ዶክተር፣ ይሄማ ለአይጥም አይበቃ" ሲሉ የነበሩ ገበሬዎች ዘር ለመለመን መጡ። "ፍሬው ገና ትንሽ ነው፣ ታገሡኝ" አሏቸው። ሥራው አላለቀም። ተማሪዎቻቸው ይዘውታል፤ ካልጨረሱት ሰነፎች ናቸው።

አሁን ወደ ያሬድ ወረቀት ልመለስ። በዓለም ያሉ ሊቃውንት የአንዲት ፍሬ እናት ማን እንደሆነች ለማወቅ ሽበት አብቅለዋል። ሚልክያስ አንዱ ነበሩ። የእኛ ወንዶች ደግሞ የሚያውቋትን፣ የምትተነፍሰውን፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችውን የሚልክያስን እናት ለመሰረዝ አንድ ሲኒ ሻይ እስኪጠጡ ብቻ ነው የፈጀባቸው። "ለምን?" ብዬ ያሬድን ጠየቅሁት።

"አክስቴ፣ ከዩኒቨርሲቲም ከዞንም እንግዶች ይመጣሉ" አለ።

"ታዲያ እንግዶቹ እናት የላቸውም?"

"እሱ አይደለም። የሚልክያስ ልጅ ምሕረት ገና አላገባችም። ነገ የሚጠይቃት ሰው አያቷ ማን ናት ቢል ምን ይባላል? ለልጆቹ ብዬ ነው።"

ምሕረት እዚያው ቆማ ነበር። "እኔን ምክንያት አታድርገኝ። አያቴን የሚያፍርባት ባል ከመጣ አንተ አግባው" አለችው። ይህን ከአፏ ስሰማ ሳላስበው እልል ልል ነበር፤ ለቅሶ ላይ ነኝና ዋጥኩት።

ያሬድ ክፉ ልጅ ነው አልልም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ያፍራል። ይሄ ግን ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ከረባት አስሮ፣ "የቤተሰብ ክብር" እያለ ነው ሴትየዋን ከልጇ የሚቆርጣት። አባታችን አንድ ጊዜ ልጁን ከእጇ ወሰዱባት። እነዚህ ደግሞ ሬሳውን ሊወስዱባት ነው። አባታችን ያላወቁት ነገር ነበር እንበል፤ ዘመኑ ነው እንበል። የዚህ ዘመን ሰው ምን ሊባል ነው? አፌን እንደ መረረ ቅጠል ይመረኛል።

ዶክተር ሚልክያስ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በጉበት ሕመም ታመሙ። ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉላቸው። ወይዘሮ ሽታዬ ከአልጋቸው አልተለዩም፤ ጭቃ ሲያቦኩ በኖሩበት እጃቸው እግራቸውን እያሹ ይቀመጡ ነበር። ጠያቂ ሆነው የመጡ ዘመዶቻችን በር ላይ ቆመው፣ አልጋው አጠገብ ማን እንዳለ አይተው፣ ብርቱካኑን ለነርሷ ሰጥተው የሚመለሱ ነበሩ። አንድ ቀን አዲስ የመጣች ነርስ "አባባ፣ እኚህ እናት ምንዎ ናቸው?" አለቻቸው። "እናቴ ናቸው" አሉ። ያሬድ አልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። አልሰማሁም ሊል አይችልም፤ እኔም እዚያው ነበርኩና።

ዶክተር ሚልክያስ ሶርሳ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ እናታቸውና ባለቤታቸው አጠገባቸው እንዳሉ አረፉ።

ከኋላቸው የቀሩት ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ዱባለ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ፣ ልጆቻቸው ምሕረት እና ቤኒ፣ እኅታቸው እኔ፣ በአባታቸውም በእናታቸውም ወገን ያሉ ዘመዶቻቸው ናቸው። የእናታቸው ወገኖች እዚህ አሉ፤ ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። በእኛ አገር የሟች የእናት ወገን ሲደርስ ለቀስተኛው ተነስቶ ይቀበላል፤ አስከሬኑም ዘንድ አብሯቸው ይቆማል። ለእነሱ የተነሳ ሰው አላየሁም። እንደ ዕቃ ዳር ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል።

ሰውን ከአፈር ያበጀ፣ አፈሩንም ያልተጸየፈ ጌታ የዶክተር ሚልክያስን ነፍስ በእጁ ይያዝ። እናታቸውን ያጽና። ሰብለን፣ ምሕረትን፣ ቤኒን አይለያቸው።

ያሬድ፣ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁም። ወረቀቱን አስቀምጥ። ወደ ሜዳው ዳር ሂድና ወይዘሮ ሽታዬን ከመሬት አንሳቸው፤ ጉልበታቸው ደክሟልና ክንድህን ስጣቸው፤ በሰው ሁሉ መሀል አሳልፈህ ከሣጥኑ ራስጌ፣ ለእኔ ባስቀመጥከው ወንበር ላይ አስቀምጣቸው። ወንድሞቻቸውንም ጥራ። ከዚያ ተመለስና በድምፅ ማጉያው "እናታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ዱባለ" ብለህ ተናገር። እስክትናገር ድረስ ሣጥኑን የሚያነሳ ሰው የለም፤ እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሂድ።